አዋላጇ በዝውውር ሄደች፤ ክትትሉስ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ በጣና ዳር ባለው የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ስታደርግልን የነበረችው አዋላጅ ነርስ በዝውውር መሄዷን ሰማን። ባለቤቴ ሰባተኛ ወሯን ስለያዘች፣ ክትትሏ እንዳይቋረጥ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለሙያ ቢቀየርም መዝገቡ ካርድ ክፍል ይቀራል። በቀጠሮዋ ቀን ካርዷን አውጥታችሁ፣ አዲሷ አዋላጅ የደም ግፊቷንና የቲታነስ ክትባቷን እንድታይላት ጠይቁ።

ሌላ መልስ፦ የወባውን ነገር ደግሞ አደራ! በአካባቢያችን ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ፣ ሌሊት ሌሊት አጎበር ውስጥ ትተኛ፤ ትኩሳት ከተሰማትም ሳታድር ደሟን ትመርመር። ፕሪማኩዊን የተባለው የወባ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር ስለማይሰጥ፣ ቤት የተረፈ ኪኒን ፈጽሞ እንዳትወስድ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። የአጎበራችን ጠርዝ ተቀድዷልና ዛሬውኑ እሰፋዋለሁ፤ ለቀጠሮውም አብሬያት እሄዳለሁ።