ኤምቲዩ 9000 ካደረግን ወዲህ የሴፍ ክላስተራችን ዳታ ሲጽፍ ይቆማል

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። በመሥሪያ ቤታችን አምስት ሰርቨሮችን በሴፍ (የብዙ ሰርቨሮችን ዲስኮች እንደ አንድ ማከማቻ በሚያሠራው ሶፍትዌር) አያይዘን የቨርቹዋል ማሽኖችን ዲስክ እናስቀምጥባቸዋለን። እያንዳንዱ ሰርቨር ኤንቪኤምኢ የሚባሉ ፈጣን ዲስኮችና ሁለት ባለ25 ጊጋቢት ወደቦች ሲኖሩት፣ ወደቦቹ በኤልኤሲፒ (ብዙ ገመዶችን እንደ አንድ በሚያሠራው ፕሮቶኮል) ተጣምረው አንድ ላይ ወደተዋቀሩ ሁለት ስዊቾች ይገባሉ። ኤምቲዩውን (አንድ ፓኬት ሊይዝ የሚችለውን ከፍተኛ የባይት መጠን) ከ1500 ወደ 9000 ካሳደግን በኋላ ፒንግ (የግንኙነት መፈተሻው) በትክክል እየሠራ ዳታ መጻፉ ግን አልፎ አልፎ ይቆማል። ወደ አርዲኤምኤ (ዳታን ከአንዱ ሰርቨር ሜሞሪ ወደ ሌላው በቀጥታ ወደሚያሻግረው ዘዴ) እንድንሸጋገር የሚመክሩንም አሉ። ከግዢው በፊት ምን እንመርምር?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ጥርጣሬዬ ስዊቹ ላይ ነው። አንዱ ሰርቨር ብቻ 1500 ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ቲሲፒ (ዳታው መድረሱን እያረጋገጠ የሚያስተላልፈው ፕሮቶኮል) ግንኙነቱን ሲጀምር ሁለቱ ወገኖች የሚቀበሉትን መጠን ስለሚነጋገሩ በትንሹ መጠን ይስማሙ ነበር። ሁለቱም 9000 ብለው ተስማምተው መካከል ያለው ስዊች ግን ትልቁን ፍሬም (ፓኬቱን የያዘውን የኢተርኔት ጥቅል) የማያሳልፍ ከሆነ፣ ለላኪው ምንም ሳያሳውቅ ይጥለዋል፤ ላኪውም ያንኑ ደጋግሞ ይልካል። ተራ ፒንግ 56 ባይት ብቻ ስለሚይዝ ይህን ችግር አያሳይም። ስለዚህ መከፋፈልን በሚከለክለው አማራጭ 8972 ባይት ይላኩ፤ የአይፒው ራስጌ 20 እና የአይሲኤምፒው (ፒንግ የሚጠቀምበት ፕሮቶኮል) ራስጌ 8 ባይት ሲጨመሩ 9000 ይሞላል። በስዊቹ ወደቦች ላይ ደግሞ የኢተርኔቱ ራስጌ ስለሚጨመር ከ9000 በላይ፣ ለምሳሌ 9216፣ መፍቀድ ይገባል።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም

ከላይ በተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በተጣመሩ ወደቦች አንድ የፒንግ ፍሰት የሚሄደው በአንዱ ገመድ ብቻ ስለሆነ፣ ትልቁ ፒንግ በደኅናው ገመድ አልፎ ሊያታልልዎ ይችላል። በአንድ ጊዜ አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ እየሠሩ፣ ገመዶቹን በየተራ ዘግተው ይሞክሩ።

አርዲኤምኤን በሚመለከት እኔ አልመክርም። በኢተርኔት ላይ የሚሠራው ዓይነት የፓኬት መጥፋትን ስለማይወድ የፍሰት መቆጣጠሪያውን በየስዊቹ በጥንቃቄ ማዋቀር ይጠይቃል፤ በሴፍ ውስጥም ያለው ድጋፍ ገና የሙከራ ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ዓባይን ተሻግሮ እስኪደርስ ከመጠበቅ በእጅ ያለውን ማስተካከል ይበልጣል። ሦስት ቅጂ በሚይዝ ክላስተር ዋናው ኦኤስዲ (ዲስኩን የሚያስተዳድረው የሴፍ ፕሮግራም) "ተጽፏል" የሚለው ሌሎቹ ሁለት ቅጂዎችም ከተጻፉ በኋላ ስለሆነ፣ መዘግየቱን የሚወስነው ከጊጋቢቱ ብዛት ይልቅ የእያንዳንዱ ምልልስ ጊዜ ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ ጥልቅ የኃይል ቁጠባ እንዳይገባ በመከልከል ብቻ የሚገኘው ለውጥ ቀላል አይደለም።

ጠያቂው፣ ከደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ገመዶቹን በየተራ ስንዘጋ በአንደኛው ስዊች በኩል ያለው ብቻ ትልቁን ፒንግ አሳለፈ። ሁለተኛው ስዊች 1500 ላይ ነበር፤ ወደ 9216 ካስተካከልነው ወዲህ መጻፉ አልቆመም። የፕሮሰሰሩን የኃይል ቁጠባ ነገ ሥራ በሌለበት ሰዓት እንሞክራለን።