ቤቱን ከደፈኑ በኋላ ለምን ፋን ገጠሙበት? አጥፍተነው አሁን መስኮቱ ውሃ እያንጠባጠበ ነው

የሴንት ፖሏ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። ቤቱ አሮጌ ነው፣ 1,400 ስኩዌር ፊት፣ 3 መኝታ ቤት። ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆችና እናቴ። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች በነጻ የሚሠራው የዌዘራይዜሽን ፕሮግራም ተራችን ደርሶ በጥቅምት ሠራተኞች መጡ። አቲኩ ላይ ኢንሱሌሽን በቱቦ ነፉበት፣ የበሩን ሥር፣ የቤዝመንቱን ጠርዝ፣ ቧንቧ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሁሉ ደፈኑት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ቤቱ ሞቀ።

ሊጨርሱ ሲሉ ግን መታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ቀን ከሌት የሚሠራ ፋን ገጠሙ። እናቴ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አየሩ ሲሳብ ስትሰማው «በገንዘባችን ያሞቅነውን መልሰን ውጭ ልንደፋው ነው?» አለች። መልስ አጣሁ። ሠራተኛውን ብጠይቀው «አዲሱ ስታንዳርድ ያስገድዳል» ብሎኝ ሄደ። እኛም ከብሬከሩ አጠፋነው።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው። ጠዋት ስነሳ የልጆቹ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ውሃ አቁሮ አገኛለሁ። ትናንት መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ እንጨቱ ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። ማታ የጣልኩት ቁሌት ሽታ ጠዋትም ቤቱ ውስጥ አለ። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ትተውልን የሄዱት ወረቀት «ከሥራው በፊት 3,100፣ ከሥራው በኋላ 1,700፣ ፋን 50» ይላል። የሚገባው ሰው ያስረዳኝ፣ ፋኑ በእውነት ያስፈልጋል?

ኦዲተሩ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ሂጂና ፋኑን ክፈቺው፣ ከዚያ ተመልሰሽ አንብቢ። ያየሽው ጥቁር ነገር ሻጋታ ነው የሚመስለው፣ በልጆች መኝታ ቤት ደግሞ አንድ ቀንም መቆየት የለበትም።

እኔ ቤት እየለካሁ ነው የምኖረው፣ ስለዚህ ወረቀቱን ላንብብልሽ። በራችሁ ላይ ሸራ ወጥረው ትልቅ ፋን አቁመው ነበር አይደል? ብሎወር ዶር ይባላል። ቤቱን በ50 ፓስካል ግፊት ይስበውና በየቀዳዳው በደቂቃ ስንት ኪዩቢክ ፊት አየር እንደሚገባ ይቆጥራል። ከ3,100 ወደ 1,700 ወርዷል፣ ጎበዝ ሠራተኞች ናቸው። የድሮው ቤታችሁ በየስንጥቁ ይተነፍስ ነበር፤ ቁሌቱም፣ የሻወሩ እንፋሎትም፣ የስድስት ሰው ትንፋሽም ሳታውቁት ይወጣ ነበር። አሁን መውጫ የለውም። ሄዶ ሄዶ የሚያርፈው ቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛ የሆነው ቦታ ላይ ነው፣ እሱም መስኮቱ ነው።

ስታንዳርዱን በተመለከተ ሠራተኛው ውሸት አልነገረሽም፣ ያሳጠረው ግን ብዙ ነው። ፕሮግራሙ በ1976 ነው የተቋቋመው። ለረጅም ጊዜ አሠራሩ «እዚህ ቁጥር ላይ ስትደርስ መድፈን አቁም» የሚል ነበር፣ ቤቱ እንዳይታፈን ተብሎ። ችግሩ ግን ስንጥቅ አይታዘዝም። በጥር ብርድና ንፋስ ከሚያስፈልገው በላይ ያስገባል፣ ለስለስ ባለ ቀን ደግሞ ብዙም አያስገባም፣ የሚያስገባውም ከአቲክ አቧራ ወይም ከቤዝመንት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ አሽሬ 62.2 የሚባለውን የአየር ማናፈሻ ስታንዳርድ ያዘ፣ መጀመሪያ የ2010ሩን፣ በኋላ የ2016ቱን። ሐሳቡ አጭር ነው፦ የምትችለውን ያህል ድፈን፣ የሚያስፈልገውን አየር ደግሞ በልክ በፋን አስወጣ።

አሁን የፋኑ 50 ከየት መጣ? እሱም በደቂቃ የሚያወጣው ኪዩቢክ ፊት አየር ነው። በ2010ሩ ስሌት ለእናንተ ቤት የሚወጣው 44 ብቻ ነበር፤ ስንጥቁ የቀረውን ይሸፍናል ብሎ በግምት ቀንሶ ነው። ከ2013ቱ ጀምሮ ግምቱ ቀረ። ለ100 ስኩዌር ፊት 3፣ በዚያ ላይ ለአንድ ሰው 7 ከግማሽ፣ ሰው የሚቆጠረው በመኝታ ቤት ብዛት ሲደመር አንድ። 42 እና 30፣ 72 ይሆናል። ከዚያ በብሎወር ዶር የተለካው ስንጥቅ ይቀነሳል። ልብ በይ ግን፣ ለ3 መኝታ ቤት የሚታሰበው አራት ሰው ነው፣ እናንተ ስድስት ናችሁ። ስታንዳርዱ ለእያንዳንዱ ትርፍ ሰው 7 ከግማሽ ጨምር ይላል። የኛ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሰው «ስንት ናችሁ?» ሲባል እንግዳ ሆና የመጣችውን እናት አይቆጥርም፣ አንዳንዱም ጥያቄው ከየት እንደመጣ ስለማያውቅ ይፈራል። ንገሩ። የሚቆጠረው ለሳንባችሁ ነው።

የእናትሽ ጥያቄ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ፋኑ ያለ ወጪ አይሠራም። ውጭ 20 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ቤት 70 ሆኖ 50 የሚስበው ፋን ቀኑን ሙሉ ቢሠራ የሚያስወጣው ሙቀት ጋዝ ቢላችሁ ላይ በቀን ከአንድ ቴርም (ጋዙ የሚቆጠርበት መለኪያ) ያንሳል። የተደፈነው ስንጥቅ በአማካይ ያባክነው የነበረው ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ፋኑ እየሠራም አትርፋችኋል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ ከምድጃው በላይ ያለው ሁድ (ጭስ መሳቢያው) አየሩን ወደ ውጭ ያወጣል ወይስ አጥርቶ መልሶ ፊትሽ ላይ ይነፋዋል?

የሴንት ፖሏ፦

ፋኑን ከፈትኩት። ሁዱን አሁን ሄጄ አየሁት፣ ካቢኔቱን ከፍቼ ስመለከት ቱቦ የሚባል ነገር የለም። ለካ መልሶ ፊቴ ላይ ነው የሚነፋው። ለአምስት ዓመት ቁሌት ስጥል እሱን አምኜ ነው።

የአሌክሳንድሪያው ቴክኒሻን፦

በኦዲተሩ እስማማለሁ፣ ግን ከቨርጂኒያ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ ያሉ ሰዎችም ስለሚያነቡት። ሚኒሶታ በክረምት የውጭው አየር ደረቅ ነው፣ ፋኑ እርጥበቱን ጠራርጎ ያወጣዋል። እዚህ ግን በሐምሌ ውጭው ራሱ ላብ ነው። ፋኑ አየር ባወጣ ቁጥር በምትኩ ያ እርጥብ አየር ይገባል። ስታንዳርዱ ቁጥሩን ሲያወጣ ስለ እርጥበት አይጠይቅም፣ እኔ በበኩሌ ጉድለቱ ይህ ይመስለኛል። በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፣ 2019፣ 2022 እያለ፣ እዚህ ላይ ግን ገና ብዙ ይቀራል። እዚህ ያላችሁ ዲሂውሚዲፋየርም (ከአየር ላይ እርጥበት የሚመጥ ማሽን) አብራችሁ አስቡ።

ወደ እህታችን ስመጣ፣ ውጭ የሚያወጣ ሁድ ስለሌላችሁ ነው ፋኑ 50 የሆነው ብዬ እገምታለሁ። ወጥ ቤት በደቂቃ 100 የሚያወጣ ሁድ ሊኖረው ይገባል። ነባር ቤት ላይ ያ ከሌለ ስታንዳርዱ የጎደለውን ሩብ፣ ማለት 25ን፣ በዋናው ፋን ላይ ይጭነዋል። እውነተኛ ሁድ ብታስገቡ ፋኑን ዝቅ አድርገው ሊያስተካክሉላችሁ ይችላሉ። ቁሌት ደግሞ ከምድጃው ላይ ነው መያዝ ያለበት፣ ቤቱን ዞሮ መታጠቢያ ቤት እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም።

ሁድ ስትጨምሩ ግን ቤዝመንት ያለው የውሃ ማሞቂያ ጭሱን በራሱ ወደ ላይ የሚለቅ የድሮ ዓይነት ከሆነ ሁሉም ፋን በርቶ ይፈተሽላችሁ። የተደፈነ ቤት ውስጥ ብዙ ፋን አየር ሲስብ ጭሱ በጢስ ማውጫው ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ይህን ሳይፈትሽ «ጨርሻለሁ» የሚል ሰው አትቀበሉ።

የዴንቨር እናት፦

ልጆቼ፣ እኔ ስለ ቁጥሩ አላውቅም፣ አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ዓምና ቤታችንን እንዲሁ ደፈኑልን። ለፋሲካ ቡና ላፈላ ብዬ እንደ ወትሮው ከሰል አያይዤ፣ ዕጣኑን ጨምሬ ሳሎን ተቀመጥን። ሁለተኛው ሳይደርስ ራሴን ከበደኝ፣ ልጄም «እማ፣ አሞኛል» አለች። ወዲያው የካርቦን ሞኖክሳይዱ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። እኛ ዕጣኑ ነው ብለን ባትሪውን ልናወጣ ነበር! የልጄ ባል ነው በሩን በርግዶ ሁላችንንም ያስወጣን።

በአሮጌው ቤት ለዓመታት በከሰል አፍልቼ ምንም አልሆንኩም ነበር። አሁን ቡናው በኤሌክትሪክ ነው፣ ዕጣኑንም በኤሌክትሪክ ማጨሻ።

ኦዲተሩ፦

እናቴ፣ እግዚአብሔር አተረፋችሁ። ይህን ሁሉም ያንብበው። 50 የሚስብ ፋን የተሰላው ለሰው ትንፋሽና ለዕለት ተዕለት ኑሮ ነው፣ ለከሰል አይደለም። ቤቱ ቢደፈንም ባይደፈንም ከሰል በቤት ውስጥ አይነድም። መስኮት ከፍቼ አነዳለሁ ማለትም አያዋጣም።

የሴንት ፖሏ፦

ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ፋኑ አልጠፋም። የልጆቹ መስኮት ዛሬ ጠዋት ደረቅ ነበር፣ ጥጉ ላይ ብቻ ትንሽ ጤዛ ቀርቷል። ጥቁሩን በሳሙና አጥቤ አደረቅኩት። ድርጅቱ ጋ ደውዬ «ስድስት ነን፣ ሁዳችንም ውጭ አያወጣም» አልኳቸው፣ ማክሰኞ ሰው ይመጣል። የውሃ ማሞቂያውንም እንዲፈትሹት ነግሬያለሁ።

እናቴ የዴንቨሯን እናት ታሪክ ሳነብላት ዝም አለች። ከዚያ ተነስታ ቤዝመንት ወረደችና የከሰሉን ጆንያ ራሷ ይዛ ወጣች፣ ጋራዡ ውስጥ አስቀመጠችው። ፋኑ ማብሪያ ላይ ደግሞ ልጄ በአማርኛ «አይጠፋም» ብሎ ጽፎ ለጥፎላታል።