ሴናተር ፌርጋል ክዊን በአየርላንድ የኢኮኖሚ ማገገም ክርክሮች ውስጥ የነበራቸው ድርሻ በምን ይመዘን?

የምክር ቤት ንባብ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አየርላንድ የኢኮኖሚ ቀውስና ማገገም የማስተርስ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ሲሆን፣ አንዱን ምዕራፍ ለሴናተር ፌርጋል ክዊን ለመስጠት አስቤአለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ክዊን በ1960 በደንዶልክ ከተማ ከከፈቱት ሱቅ ተነሥተው ሱፐርክዊን የተባለውን የሱፐርማርኬት ድርጅት ያቋቋሙ ነጋዴ ነበሩ። ከ1993 እስከ 2016 ድረስ በላይኛው ምክር ቤት፣ በሻናድ፣ የብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው ተመራቂዎች የመረጧቸው የግል አባል ሆነው አገልግለዋል። መንግሥት በሴፕቴምበር 2008 ለባንኮች ዋስትና ሲሰጥ፣ በኖቬምበር 2010 ከትሮይካው (ከአውሮፓ ኮሚሽን፣ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክና ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) ጋር የ85 ቢሊዮን ዩሮው የብድር ስምምነት ሲደረግ፣ ሥራ አጥነቱ በ2012 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ፣ አገሪቱም በዲሴምበር 2013 ከስምምነቱ ስትወጣ ክዊን በመቀመጫቸው ላይ ነበሩ።

ያስቸገረኝ ነገር ይህ ነው። በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈሩት ንግግሮቻቸው እጅግ ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ የአገሪቱን ዕጣ የወሰኑት ድምፆች የተሰጡት በታችኛው ምክር ቤት፣ በዶል ነው። ፓርቲ የሌለው፣ በጀት ላይ እጁ የማይደርስ አንድ ሴናተር ለማገገሙ አስተዋጽኦ አድርጓል ለማለት ምን ዓይነት ማስረጃ ያስፈልጋል? ንግግሮቹን መቁጠር እንደማያዋጣ ይገባኛል፤ በምትኩ የምይዘውን መለኪያ ግን አላገኘሁም።

ሕግ አንባቢ፦

ጤና ይስጥልን። መለኪያውን ከመፈለግዎ በፊት ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ሰው ምን ፈቅዶለት ነበር ብለው ቢጀምሩ ይሻላል። በአየርላንድ ሕገ መንግሥት መሠረት የገንዘብ ረቂቅ ሕግ የሚመነጨው ከዶል ብቻ ነው። ወደ ሻናድ ሲመጣ ሴናተሮቹ በ21 ቀን ውስጥ የውሳኔ ሐሳብ ሊያቀርቡ ይችላሉ እንጂ አንድ ቃል እንኳ ማሻሻል አይችሉም፤ ዶልም ሐሳቡን ሊቀበለው ወይም ሊተወው ይችላል። ሌላ ዓይነት ረቂቅ ከሆነ ሻናድ ሊያዘገየው የሚችለው ለ90 ቀን ነው። ስለዚህ ሴናተር ክዊን በበጀት ክርክር ላይ የተናገሩትን ሁሉ ከገንዘብ ሚኒስትሩ ንግግር ጎን አስቀምጠው ቢመዝኑት ሥልጣን ያልተሰጠውን ሰው ባልተሰጠው ሥልጣን መዳኘት ይሆናል።

በአንጻሩ አንድ ሴናተር ከግምጃ ቤቱ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ግን ሰው ከሰው ጋር የሚገበያይበትን ደንብ የሚለውጥ ረቂቅ ሕግ በራሱ ስም ማቅረብ ይችላል። ክዊን ያደረጉት ይህንኑ ነው። በ2010 የግንባታ ውሎችን የሚመለከት ረቂቅ ለሻናድ አቀረቡ፤ ረቂቁ በ2011 መጀመሪያ ወራት ከሻናድ ወጣ፤ በጁላይ 2013 ተፈርሞ ሕግ ሆነ። ረቂቁ የቀረበው በፊያና ፎል በሚመራው መንግሥት ዘመን ሲሆን በዶል ተከራክረው ያሳለፉት ግን የፊነ ጌልና የሌበር ጥምር መንግሥት ሚኒስትሮች ናቸው። በግል የሚቀርቡ ረቂቆች አብዛኞቹ ሁለተኛውን ንባብ፣ ማለትም በጠቅላላ ሐሳባቸው ላይ የሚደረገውን ክርክር፣ ሳያልፉ በሚቀሩበት ምክር ቤት፣ አንድ ፓርቲ የሌለው ሰው የመንግሥት ለውጥን ተሻግሮ ረቂቁን ለፍጻሜ ማብቃቱ ብቻውን ምዕራፍ ይወጣዋል ብዬ አምናለሁ።

የግንባታ ተቆጣጣሪ፦

እኔ በደብሊን በግንባታ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ የሕጉን ጥቅም ከሥራው ቦታ አንጻር ላስረዳ። በ2006 ወደ 90,000 የሚጠጉ መኖሪያ ቤቶች የተጠናቀቁባት አገር በ2012 የጨረሰችው ከ10,000 በታች ነው። በእንዲህ ያለ ውድቀት ገንዘቡ የሚቆመው ከላይ ነው። ባንኩ ለአልሚው ማበደሩን ያቆማል፤ አልሚው ለዋናው ተቋራጭ አይከፍልም፤ ዋናው ተቋራጭ ደግሞ ከንዑስ ተቋራጩ ጋር በገባው ውል ውስጥ «እኔ ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ» የሚል አንቀጽ ስላለው እጁን ያጥፋል። ልስን የሚሠራው፣ ሴራሚክ የሚያነጥፈው፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋው አነስተኛ ድርጅት ግን ዕቃውን በዱቤ ከመጋዘን አውጥቷል፤ የሠራተኞቹን የሳምንት ደመወዝም ከኪሱ ከፍሏል። ዋናው ተቋራጭ ሲከስር ባንኩ በመያዣው ቀድሞ ይወስዳል፤ ንዑስ ተቋራጩ መያዣ ከሌላቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። የለሰነው ግድግዳ የሕንፃው አካል ሆኗልና ነቅሎ አይወስደውም።

የክዊን ሕግ የገባው እዚህ ላይ ነው። ከከፋዩ ወገን በላይ ያለው አካል ካልከሰረ በስተቀር «ሲከፈለኝ እከፍላለሁ» የሚለው አንቀጽ ዋጋ አልባ ሆነ። በንዑስ ውል ላይ ቢዘገይ በየ30 ቀኑ ክፍያ እንዲጠየቅና ጥያቄው በቀረበ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፈል ተደነገገ። ከፋዩ የተጠየቀውን ገንዘብ የሚቀንስ ከሆነ በ21 ቀን ውስጥ ስንት እንደቀነሰና ምክንያቱን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ገንዘቡ በጊዜው ካልመጣ ንዑስ ተቋራጩ የ7 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን በሕግ ጥላ ሥር ማቆም ይችላል። የክፍያ አለመግባባት ቢነሣ ደግሞ ገለልተኛ ባለሙያ ጉዳዩ በተመራለት በ28 ቀን ውስጥ ይወስናል፤ ውሳኔውም በፍርድ ቤት ወይም በግልግል ዳኝነት እስኪለወጥ ድረስ ይፈጸማል። ዓመታት የሚፈጅ ክስ ለማቅረብ አቅም ለሌለው አነስተኛ ድርጅት ይህ እንደ ትንሣኤ የሚቆጠር ነው።

ሆኖም በጽሑፍዎ ውስጥ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን ቢገባ ደስ ይለኛል። ሕጉ የሚሠራው ከጁላይ 25 ቀን 2016 በኋላ ለተፈረሙ ውሎች ነው። ረቂቁን የወለደው የ2008 እና የ2009 ጥፋት የጎዳቸው ሰዎች አንዲት ሳንቲም አላገኙበትም። ከፊርማ በኋላም ሦስት ዓመት ፈጅቶ ነው ሥራ ላይ የዋለው። ለዚህ ተጠያቂው አርቃቂው አይደሉም፤ ነገር ግን «ለማገገም ያደረጉት አስተዋጽኦ» ሲባል ማገገሙ ከተጀመረ በኋላ የደረሰ መሆኑ መታወቅ አለበት።

የበጀት ተከታታይ፦

ከላይ የተሰጡት መልሶች ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል እሰጋለሁ። ሕግ ሆኖ ያልወጣ ንግግር ሁሉ ከንቱ ነው ወደሚል መደምደሚያ እንዳንደርስ የባንኮቹን ዋስትና ክርክር እንመልከት። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2008 ማለዳ የተገለጸው ዋስትና ስድስት የአገሪቱን የገንዘብ ተቋማት ሸፈነ፤ ዕዳው በጠቅላላው ወደ 440 ቢሊዮን ዩሮ ይደርስ ነበር። የሕጉ ረቂቅ በዶል በ124 ድጋፍና በ18 ተቃውሞ አለፈ። ከተቃዋሚ ፓርቲዎች ፊነ ጌልና ሺን ፌን ሲደግፉ ሌበር ተቃወመ፤ ክርክሩንም የመሩት የፓርቲው የገንዘብ ጉዳዮች ቃል አቀባይ ጆን በርተን ነበሩ። ድምፁን ተሸነፉ። በኋላ ባንኮቹን ለማዳን የወጣው ገንዘብ 64 ቢሊዮን ዩሮ ሲደርስ ግን ያ የተሸነፈ ተቃውሞ በቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፎ ተገኘ። ሕዝብ ማን ምን ብሎ እንደነበር የሚያይበት ሌላ መዝገብ የለውም።

በሌላው ወገን የገንዘብ ሚኒስትሩ ብራያን ሌኒሃን በዲሴምበር 2009 የበጀት ንግግራቸው ክፉው ጊዜ እንዳለፈና ዕቅዱ እየሠራ መሆኑን ለዶል ነገሩ፤ ዓመት ሳይሞላ ትሮይካው ደብሊን ገባ። ሌኒሃንን በዚህ ብቻ መኮነን አልፈልግም። ሚኒስትር ተስፋ ካልሰጠ ገበያው ይሸሸዋል፤ ሰውየውም በጽኑ ሕመም ላይ ሆነው እስከ መጨረሻው ሠርተዋል። ነገር ግን የሚኒስትር ንግግር በራሱ የፖሊሲ መሣሪያ ስለሆነ ከገለልተኛ ሴናተር ንግግር ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ክዊን ባለሥልጣን ስላልነበሩ ገበያን የማረጋጋት ግዴታ አልነበረባቸውም፤ እንደ አሠሪና እንደ ነጋዴ ያዩትን በነጻነት የመናገር ዕድል ነበራቸው። ንግግሮቻቸውን ሲያነቡ መጠየቅ ያለብዎት፣ ሚኒስትሩ ለዚያ ንግግር መልስ ለመስጠት ተገድደው ነበር ወይ የሚለውን ነው። በዚያው ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ የሚኒስትሩን የመዝጊያ መልስ ያንብቡ፤ የተነሣውን ነጥብ በስም ጠቅሶ ከመለሰ ንግግሩ ተሰምቷል።

የምክር ቤት ንባብ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሕግ አንባቢ የጠቀሱት የሥልጣን ወሰን ምዕራፉን ከየት እንደምጀምር አሳይቶኛል። የግንባታ ተቆጣጣሪ ያነሡትን የጊዜ መዘግየትም በግልጽ አስገባዋለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ የርዕሴ ሁለተኛ ክፍል «ተሐድሶ» ነው። መንግሥት በ2013 ሻናድን ራሱን ለመሰረዝ ሕዝበ ውሳኔ ሲያካሂድ ክዊን ስለነበራቸው ሚና እዚህ ላይ መጻፍ ይገባኛል ወይስ ከኢኮኖሚው ርዕስ መውጣት ይሆንብኛል?

ሕግ አንባቢ፦

መውጣት አይሆንብዎትም፤ ምክንያቱም ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒና ፓርቲያቸው ስረዛውን ያቀረቡት እንደ ቁጠባ ጭምር ነው። በዓመት 20 ሚሊዮን ዩሮ ይቆጠባል፣ የፖለቲከኞች ቁጥር ይቀንሳል የሚለው የዘመቻው ዋና ክርክር ነበር። ሕዝቡ ደመወዙ ተቀንሶ፣ ግብሩ ጨምሮ፣ ልጁን ወደ አውስትራሊያና ወደ ካናዳ እየሸኘ ባለበት ወቅት 60 ሴናተሮችን ተከላክሎ መቆም ቀላል አልነበረም። ክዊን የተከላከሉት ምክር ቤቱ እንዳለ ይቆይ ብለው ስላልነበረ ነው የእሳቸው አቋም ክብደት ያለው። ከሴናተር ካትሪን ዛፖኒ ጋር ሆነው በዚያው ዓመት የማሻሻያ ረቂቅ አቅርበው ነበር። ከ60ዎቹ 43ቱ በአብዛኛው በምክር ቤት አባላትና በአካባቢ ተመራጮች፣ 11ዱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ 6ቱ ብቻ በዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች በሚመረጡበት ምክር ቤት፣ ረቂቁ ድምፅ የመስጠት መብትን ለሁሉም ዜጋ፣ በሰሜን አየርላንድና በውጭ አገር ላሉትም ጭምር፣ ሊያሰፋ ያለመ ነበር። ክዊን ራሳቸው ከዩኒቨርሲቲ መቀመጫ የመጡ ሆነው ሳለ ያንን ልዩ መብት ለሁሉም ለማካፈል መነሣታቸው ሊመሰገን ይገባል።

በኦክቶበር 4 ቀን 2013 ሕዝቡ ስረዛውን በ51.7 በመቶ ድምፅ ውድቅ አደረገው። ማሻሻያው ግን አልተከተለም። በ1979 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው፣ የዩኒቨርሲቲ መቀመጫዎችን ለሌሎች የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ተመራቂዎች ለመክፈት የሚያስችለው ማሻሻያ እንኳ ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ጣልቃ እስኪገባ ድረስ የቀድሞው ሥርዓት ቀጥሎ ነበር። ክዊን በ2019 ሲያርፉ ይህን አላዩም።

በመጨረሻ ስለ አሠራሩ አንድ ምክር ልስጥ። የግንባታ ውሎቹን ሕግ ሲመረምሩ በ2010 የቀረበውን ጽሑፍና በ2013 የተፈረመውን ጎን ለጎን ዘርግተው አንቀጽ በአንቀጽ ያነጻጽሩ። ከዚያ እያንዳንዱ ለውጥ በየትኛው ደረጃ እንደገባና ማን እንደጠየቀው በሦስተኛው ደረጃ፣ ማለትም በኮሚቴ ክርክሩ፣ ይፈልጉ። በሁለተኛው ንባብ ሁሉም ሰው ስለ ተጎዱት ንዑስ ተቋራጮች ያማረ ንግግር አድርጓል፤ 10,000 ዩሮ የማያልፉ ውሎችና ሰው ራሱ የሚኖርባቸው ከ200 ካሬ ሜትር የማይበልጡ ቤቶች ከሕጉ ውጭ መሆናቸው ግን የሚገለጸው በዝርዝሩ ላይ ነው። ረቂቁ ወደ ሻናድ ሲመለስ ክዊን ከነዚያ ለውጦች የትኛውን በደስታ እንደተቀበሉና የትኛውን ሕጉ እንዳይወድቅባቸው ብለው እንደታገሡ ከራሳቸው ቃል ያገኙታል።