በእንቅርት ላይ የነርቭ አሳዳጊ ፕሮቲንን (ኤንጂኤፍ) በደም መለካት ቀዶ ሕክምናን ያስቀራል ወይ?

ጠያቂ፣ ከሐዋሳ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል ላብራቶሪ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። አክስቴ ለዓመታት አብሯቸው የኖረው እንቅርት በአንድ ጎኑ እየጠነከረ በመምጣቱ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶላቸው ነበር፤ ውጤቱም «የፎሊኩላር ዕጢ (ከታይሮይድ ሴሎች የሚነሣ እብጠት) ነው፣ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ከዚህ ናሙና መለየት አይቻልም» የሚል ሆነ። ሐኪማቸው የታይሮይዱ (እንቅርት የሚወጣበት የአንገት ዕጢ) ግማሽ እንዲወጣ መክረዋቸዋል፤ እርሳቸው ግን ቀዶ ሕክምናን እጅግ ይፈራሉ። በቅርቡ ኤንጂኤፍ የካንሰር ባዮማርከር (መለያ ምልክት) ሊሆን እንደሚችል አነበብሁ። በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲንን የሚለካ የኤላይዛ ማሽን ስላለን፣ የመመርመሪያ ኪቱን አስመጥቼ ደማቸውን ብለካ ከቀዶ ሕክምናው ላድናቸው እችላለሁ?

የፓቶሎጂ ሐኪም፣ ከአዳማ፦
አይችሉም፤ ምክንያቱን ግን ማወቅ ይገባዎታል። በመርፌ የሚወጣው የተበታተነ ሴል ነው። የፎሊኩላር ካንሰርን ካንሰር ካልሆነው ዕጢ የምንለየው ደግሞ በሴሉ መልክ ሳይሆን፣ ዕጢው ሽፋኑን ጥሶ መውጣቱን ወይም ወደ ደም ሥር መግባቱን በማየት ነው፤ ለዚህም ዕጢው ከነሽፋኑ ወጥቶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። በታይሮይድ ካንሰር ላይ ተስፋ ሰጪ ሆኖ የተጠናው የኤንጂኤፍ ቅድመ ቅርጽ የሆነው ፕሮኤንጂኤፍ ሲሆን፣ የታየውም ከታካሚዎች በወጣ ሥጋ ላይ በተደረገ ማቅለም ነው። በሥጋው ውስጥ የበዛ ነገር በደም ውስጥም በዚያው ልክ ይበዛል ማለት አይደለም። ኪት ሲገዛም ፕሮቲኑን የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል ፕሮኤንጂኤፍን ከበሰለው ኤንጂኤፍ መለየት አለመለየቱ መጠየቅ አለበት፤ ካልለየ የሚወጣው ቁጥር የየትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

የባዮኬሚስትሪ መምህር፣ ከሐዋሳ፦
የኤንጂኤፍ ታሪክ ራሱ ማስጠንቀቂያ አለው። ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ወደ ግኝቱ ያመሩት በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአይጥ የካንሰር ዕጢ በጫጩት ሽል ላይ ሲተከል የሽሉ ነርቮች ወደ ዕጢው ሲጎርፉ በማየታቸው ነው። ስለዚህ ነገሩ ከጅምሩ ከካንሰር ጋር ተያይዞ ነበር። ይሁንና በ1986 ከእርሳቸው ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋሩት ስታንሊ ኮኸን ይህንኑ ፕሮቲን በእባብ መርዝና በአይጥ የምራቅ ዕጢ ውስጥ ከዚያ በበለጠ መጠን አገኙት፤ የካንሰር ብቻ መለያ አልነበረም ማለት ነው። በሰውም ላይ በመገጣጠሚያ ብግነትና በአስም ከፍ ይላል። አክስትዎ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ከፍ ያለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ማን ይነግርዎታል?

ከኤንጂኤፍና ከመሰሎቹ ፕሮቲኖች ጋር በተያያዘ በሕክምና የተረጋገጠ ጥቅም ያገኘው የተቀባዮቻቸው ጂን (ኤንቲአርኬ) ነው። ይህ ጂን ከሌላ ጂን ጋር የተጣበቀባቸው ካንሰሮች፣ የታይሮይድን ጨምሮ፣ ላሮትሬክቲኒብ በተባለው መድኃኒት እንዲታከሙ አሜሪካ በ2018 ፈቅዳለች። ያ ግን ካንሰርነቱ ለተረጋገጠ ሰው መድኃኒት መምረጫ እንጂ ካንሰርን መፈለጊያ አይደለም።

የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ፦
ምርመራው ጥሩ ነው ብለን እንኳ እንቁጠር። እንደ አክስትዎ ያለ ውጤት ካላቸው 100 ሰዎች 25ቱ ካንሰር አለባቸው እንበል፤ ኪቱም ካንሰር ካለባቸው ከመቶ 80ውን የሚይዝ፣ ከሌለባቸውም ከመቶ 80ውን ነጻ የሚል ይሁን። እንግዲህ 20ው በትክክል ይያዛሉ፤ 60ው በትክክል ነጻ ይባላሉ፤ 15ቱ በከንቱ ይደነግጣሉ። አምስቱ ግን ካንሰር እያለባቸው «ነጻ ናችሁ» ተብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ቀዶ ሕክምናን የሚያስቀር ምርመራ ከሁሉ በላይ «የለም» ሲል መታመን አለበት፤ ነጻ ከተባሉት 65 ሰዎች አምስቱን የሚያሳስት ምርመራ ይዘው አክስትዎን «አይቀደዱ» ለማለት ይደፍራሉ?

ጠያቂ፦
አልደፍርም። ኪቱን ማዘዙን ትቼዋለሁ፤ ዛሬ ማታ ከአክስቴ ጋር እነጋገራለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ በእኔ በኩል የምከታተለው ነገር ካለ ብትነግሩኝ።

የፓቶሎጂ ሐኪም፦
አስቀድሞ የቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያነቃቃ ሆርሞን) ምርመራና የአንገት አልትራሳውንድ መሠራታቸውን ያረጋግጡ። የሚወጣውም ዕጢ ሳይቆራረጥ፣ ከመጠኑ አሥር እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን (ሥጋን ከመበላሸት የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ ገብቶ ወደ ፓቶሎጂ ይላክ፤ በጠባብ ዕቃ ተጨናንቆ የሚመጣ ናሙና መሐሉ ይበላሽና ሽፋኑን ማንበብ ያስቸግረናል። የመርፌውን ውጤት ቅጂም አብረው ይላኩልን።