ኪሊማንጃሮ፦ በማራንጉ ወይስ በለሞሾ?

ከታላቅ እህቴ ጋር በመጪው ጥር ኪሊማንጃሮን ለመውጣት ወስነናል፤ የመንገዱ ምርጫ ላይ ግን መስማማት አቅቶናል። የወጣችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩን።

አንዱ አስጎብኚ ድርጅት በማራንጉ በኩል 5 ቀን ይበቃል ይላል። ዋጋው በጣም ይቀንሳል፤ የሚታደረውም በድንኳን ሳይሆን በእንጨት ቤት ነው። እህቴን የማረካት ይኸው ነው። ሌላው በለሞሾ 8 ቀን ይጠይቃል፤ ክፍያው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። ጫፉ 5,895 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሽንን በ1,300 ሜትር ገደማ ይበልጣል። በለሞሾ ቀን እስከ ላቫ ታወር፣ 4,600 ሜትር ያህል፣ ተወጥቶ ለማደር ወደ ባራንኮ ስለሚወረድ ሰውነት ስስ አየሩን ቀስ በቀስ ይለምዳል። በማራንጉ 5 ቀን ግን ለዚህ ጊዜ የት አለ? እህቴ «አዲስ አበባ ተወልደን አድገን ከፍታ አይበግረንም» ትላለች። እውነት ይህ ያን ያህል ይጠቅማል? ወይስ በዚያው መንገድ ባለው የሆሮምቦ ማደሪያ አንድ ቀን ጨምረን በማራንጉ 6 ቀን ብናደርገው ይሻላል?

ከመክፈላችን በፊት ድርጅቶቹን ምን እንጠይቅ? የደም ኦክስጅን መለኪያ መያዛቸውንና ለተሸካሚዎቹ በአግባቡ መክፈላቸውን እንዴት እናረጋግጣለን? ቀብድ የምንከፍለው በዚህ ሳምንት ስለሆነ ፈጥናችሁ ብትመልሱልን ትልቅ ውለታ ነው።