በክትባት ደኅንነት ፖሊሲ ላይ የሕዝብ ድምፅ የሚገባው መቼ ነው?

ጠያቂው፦
የክትባት ደኅንነት ጉዳይ በተነሳ ቁጥር «ሕዝቡ ይሳተፍ» ሲባል እሰማለሁ፤ ተሳትፎው በምን ላይ እንደሆነ በግልጽ የነገረኝ ሰው ግን የለም። በቅርቡ በአንድ ረቂቅ መመሪያ ላይ አስተያየት እንድንሰጥ ተጠርተን ነበር። ለእያንዳንዳችን ሦስት ደቂቃ ተፈቀደልን። ተራዬ ደርሶ ማይክሮፎኑን ስቀበል፣ ሽፋኑ ላይ «የጸደቀ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የመመሪያው ቅጂ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ አየሁት። ክትባቱ ጉዳት ማድረስ አለማድረሱን የሚመረምሩት ባለሙያዎች ከሆኑ፣ እንደ እኔ ያለ ወላጅ በየትኛው ደረጃ ላይ ቢገባ ነው ንግግሩ ፍሬ የሚኖረው?

የክትባት ክፍል ነርስ፦
ሁለት ጥያቄዎችን ብንለይ ይሻላል። ጉዳቱን ያመጣው ክትባቱ ነው ወይ የሚለው በማስረጃ የሚመለስ ነው፤ ይህን ያህል ስጋት መቀበል ይገባናል ወይ የሚለው ግን የባለሙያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1979 በኋላ በአገሩ ውስጥ የሚዛመት ተፈጥሯዊ የፖሊዮ ቫይረስ ስላልነበረ፣ በየዓመቱ የሚታዩት ከ8 እስከ 10 የሚደርሱ የሽባነት ሕመሞች በአብዛኛው የመጡት በአፍ ከሚሰጠው ከራሱ ከፖሊዮ ክትባት ጠብታ ነበር። ስሌቱ በ2.4 ሚሊዮን ጠብታ አንድ ገደማ ነው፤ በቁጥሩ ላይ ብዙ ክርክር አልነበረም። ክርክሩ፣ ጠብታው ርካሽና ለመስጠት ቀላል በመሆኑ እነዚያን ጥቂት ልጆች እንቀበል ወይ የሚል ነበር። ልጆቻቸው የተጎዱባቸው ወላጆች ጉዳዩን ይዘው መንግሥትን በክትባት ጉዳይ ከሚያማክረው ኮሚቴ ፊት ቀረቡ፤ በ1997 መርፌው ከጠብታው እንዲቀድም፣ በ2000 ደግሞ መርፌው ብቻ እንዲሰጥ ተወሰነ። እርግጥ ውሳኔውን ያመጣው የእነሱ ግፊት ብቻ ነው ማለቴ አይደለም።

ሕግ አጥኚ፦
በነርሷ ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በግብዣ የመጣ ተናጋሪና በሕግ ወንበር የተሰጠው አባል አንድ አይደሉም። በአሜሪካ በእ.ኤ.አ. 1986 የወጣው የክትባት ጉዳት ሕግ የካሳውን አሠራር የሚያማክር 9 ድምፅ ያላቸው አባላት ያሉት ኮሚሽን አቋቁሟል፤ ሦስቱ የጤና ባለሙያዎች፣ ሦስቱ ጠበቆች፣ ሦስቱ ደግሞ ከሕዝብ የሚመጡ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ መካከል ሁለቱ በክትባት የተጎዱ ልጆች ወላጆች ወይም ሕጋዊ ወኪሎች እንዲሆኑ ያዛል። በአውሮፓም በ2012 ሥራ በጀመረው የመድኃኒቶችን ደኅንነት በሚከታተል ኮሚቴ ውስጥ የታካሚዎች ተወካይ ድምፅ ይሰጣል። በደርዘን በሚቆጠሩ ሐኪሞች መካከል አንድ ወንበር ብቻ ሲሆን ግን ለጌጥ የተቀመጠ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ተጠራጣሪ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ማን ነው የሚመጣው የሚለው ነው። ልጇ ተከትቦ በደኅና የሚጫወትላት እናት ሥራዋን ትታ ስብሰባ አትመጣም፤ የሚመጣው አቋሙን አስቀድሞ የጨረሰ ነው። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ የተሰማው ጩኸት የሕዝብ አስተያየት ተብሎ መቆጠር የለበትም። ከስብሰባው ይልቅ የማምነው ተራው ሰው ያየውን በሚያሳውቅበት መንገድ ነው። በእ.ኤ.አ. 1998 በአሜሪካ የተፈቀደ የሮታቫይረስ (ሕፃናትን የሚያስቀምጥ ቫይረስ) ክትባት፣ የጨቅላዎች አንጀት እርስ በርሱ ውስጥ ገብቶ የመዘጋቱ 15 ሪፖርቶች ማንም ሰው ማሳወቅ ለሚችልበት ሥርዓት እንደደረሱ በሐምሌ 1999 እንዲቆም ተደርጎ፣ በዚያው ዓመት ከገበያ ወጥቷል። በብሪታንያ ግን በ1964 የተጀመረው፣ መድኃኒት ያመጣው ጉዳት የሚመዘገብበት የቢጫ ካርድ ሪፖርት ለታካሚዎች በቀጥታ ክፍት የሆነው በ2005 ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ የሚታመነው የባለሙያው ብዕር ብቻ ነበር።

የክትባት ክፍል ነርስ፦
በሪፖርቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን እኛ የምንሞላውን ቅጽ ይመልከቱልኝ። የክትባቱ መለያ ቁጥር፣ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ የሕፃኑ ዕድሜ ይጻፍበታል፤ ለእናትየዋ መልስ የሚላክበት ቦታ ግን የለውም። ልጇ ከክትባት በኋላ ያንቀጠቀጠው አንዲት እናት ከወር በኋላ ተመልሳ መጥታ «ያ ወረቀት ምን አሉት?» ስትለኝ የምነግራት ነገር አልነበረኝም።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ከተጠራሁ፣ ሦስት ደቂቃዬን ስለ ክትባቱ በመናገር አላባክናትም። ረቂቁ ከመጽደቁ ስንት ሳምንት በፊት እንደሚደርሰን፣ እንዲሁም የተቀበሉትንና ያልተቀበሉትን አስተያየት ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያወጡ እንደሆነ እጠይቃለሁ።