የበርሊኑ ጋቶ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ፦ ስለ ቴምፕልሆፍ ብቻ የሚወራው ለምንድነው?

የስፓንዳው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ በበርሊን ምዕራብ ዳርቻ ያለውን የጋቶ የአየር ኃይል ሙዚየም አይቼ መጣሁ። ሚግ-21፣ ሚግ-29፣ ፋንተም፣ ስታርፋይተር፣ የምሥራቁም የምዕራቡም ጎን ለጎን ቆመዋል። እኔን ግን ይበልጥ የገረመኝ ቦታው ራሱ ነው። ማኮብኮቢያው ተቆርጦ ከዚያ ወዲያ መኖሪያ ሰፈር ሆኗል። ማን ሠራው? ለምንስ ተዘጋ? ደግሞ የበርሊን የአየር ድልድይ፣ ማለትም ሶቪየቶች ምዕራብ በርሊንን ሲዘጉ ምግቡና ከሰሉ በአውሮፕላን የገባበት ዘመቻ፣ ሲነሳ ሁሉም ስለ ሌላው የበርሊን ማረፊያ፣ ቴምፕልሆፍ፣ ቴምፕልሆፍ ነው የሚለው። ጋቶ ምንም ድርሻ አልነበረውም እንዴ? የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

ታሪክ ወዳድ፦
የሠሩት ናዚዎች ናቸው። ጀርመን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተፈረመው የቬርሳይ ውል አየር ኃይል እንዳይኖራት ተከልክላ ነበር፤ ሂትለር በድብቅ ሲያደራጅ ቆይቶ በማርች 1935 እ.ኤ.አ. በይፋ አወጀው። ጋቶም በዚያው ዓመት የአየር ኃይል መኮንኖች ማሰልጠኛ ሆኖ ተከፈተ። በኤፕሪል 1945 ሶቪየቶች ያዙት፣ በርሊን ለአራቱ ኃያላን (ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይና ለሶቪየት) ስትከፈል ደግሞ ለእንግሊዝ ደረሰ። የአሜሪካው ትሩማንና የእንግሊዙ ቸርችል የጦርነቱ አሸናፊዎች ስለ ጀርመን ለተነጋገሩበት የፖትስዳም ጉባኤ ሲመጡ ያረፉት እዚያ ነው። የተዘጋበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ጀርመን ስትዋሃድ የአራቱ ኃያላን ሥልጣን አበቃ፣ እንግሊዞቹም በ1994 ለጀርመን ጦር አስረክበው ወጡ። ሙዚየሙ በ1995 ከሃምቡርግ አካባቢ ወደዚህ ተዛወረ።

የሃፌል ዳር፦
ድርሻ አልነበረውም ወይ ላልከው፣ ኧረ በጣም ነበረው! ሶቪየቶች በጁን 1948 መንገዱን፣ ባቡሩንና የጀልባውን መስመር ሲዘጉ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የምዕራብ በርሊን ሕዝብ የሚበላውም የሚሞቀውም በአየር ብቻ ሆነ። ጋቶ ከዋናዎቹ መግቢያዎች አንዱ ነበር። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በምዕራብ ጀርመን ካለው የፋስበርግ ማረፊያ ድንጋይ ከሰል ጭነው ጋቶ ላይ ያራግፉ ነበር።

እኔ ሁሌ የምደነቅበት የጨው ነገር ነው። ጨው የአውሮፕላን አካል ይበላል፣ ስለዚህ ተራ አውሮፕላን ላይ መጫን አስቸጋሪ ነበር። እንግሊዞቹ ምን አደረጉ፣ ባሕር ላይ የሚያርፉትን ሳንደርላንድ የሚባሉ ትልልቅ አውሮፕላኖች አመጡ፤ እነሱ ድሮውንም ለባሕር ውሃ ተብለው ዝገት እንዲችሉ የተሠሩ ናቸው፣ ከሃምቡርግ ጨው ጭነው እዚሁ ጋቶ አጠገብ ሃፌል ወንዝ ላይ ያርፉና ጭነታቸው በጀልባ ይወሰድ ነበር። ክረምቱ ገብቶ የበረዶ ግግር እስኪያሰጋቸው ድረስ እንዲህ ሠሩ።

ቴምፕልሆፍ የገነነው መሀል ከተማ ስለሆነ ይመስለኛል። ሕፃናት አጥሩ ሥር ቆመው ያዩ ነበር፣ ሃልቨርሰን የሚባለው አሜሪካዊ አብራሪ በመሐረብ ጃንጥላ ከረሜላ ይጥልላቸው ነበር፣ ፎቶውም ዓለምን ዞረ። ጋቶ ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ያን ያህል ካሜራ አላገኘም።

ክንፍ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሲረሳ ያሳዝነኛል። ከበባው ሳይጀመር፣ ኤፕሪል 5 ቀን 1948፣ ጋቶ ሊያርፍ የተቃረበ የእንግሊዝ የመንገደኞች አውሮፕላን ከሶቪየት ያክ-3 ተዋጊ ጋር ተጋጨ። ተዋጊው ከሥሩ አልፎ ሽቅብ ሲወጣ ነው ክንፉን የመታው። 10 ተሳፋሪዎች፣ 4 የበረራ ሠራተኞችና የተዋጊው አብራሪ፣ 15ቱም አለቁ። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ተወነጃጀሉ፣ የጋራ ምርመራውም ፈረሰ። የዚያን ሰሞን በርሊን ምን ያህል በቋፍ ላይ እንደነበረች ለመረዳት ከዚህ የበለጠ የለም።

የስፓንዳው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሞቼ። የጨውን ነገር ጭራሽ ሰምቼው አላውቅም። ሃፌል ዳር ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ መሰላችሁ! ከድልድዩ ዘመን የተረፈ አውሮፕላን የት ማየት ይቻላል?

የሃፌል ዳር፦
በርሊን ውስጥ ዳሌም ሰፈር ያለው የአጋር ኃይሎች (የምዕራባውያኑ ጦሮች) ሙዚየም ሂድ። ሄስቲንግስ የሚባለው የእንግሊዝ ጭነት አውሮፕላን ግቢው ውስጥ ቆሟል። እንግሊዞች ከጋቶ እየተነሱ ምሥራቅ በርሊንን ከላይ ይሰልሉበት የነበረ ትንሽ ቺፕመንክ አውሮፕላንም አላቸው፣ እሱንም ጠይቅ።